የአገጭ ሰላምታ

አክስቴ ኦሪኤል ትዕቢት ጀመራት የሚለውን ወሬ ቤታችን ያስገባው አጎቴ ክላሪ ነው።

እኛ የወንዙ ሰዎች ለሰላምታ ቃል አናባክንም። ሰው ሲያልፍ አገጭን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው፤ ያም ሰው አገጩን ከፍ ያደርጋል፤ አለቀ። ደህና ዋልክ፣ እናትህ እንዴት ናት፣ ወንዙ ዓሣ ሰጠህ ወይ የሚለው ሁሉ በዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ይጠቃለላል። አገጭ ተነስቶለት ያልመለሰ ሰው ግን ወዮለት፤ ስሙ በየበረንዳው ሲዞር ይውላል።

«እማዬ፣ ይቺ ልጅሽ ደመወዝ ከቀመሰች ወዲህ አገጯ ተቆልፏል» አለ ክላሪ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ። «ዛሬ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሦስት ጊዜ አነሳሁላት። ሦስት ጊዜ! አንገቴ ሊቀጭ ምንም አልቀረው። እሷ ሰማይ ሰማይ እያየች አለፈችኝ፤ የገዛ ወንድሟን!»

አያቴ የዓሣውን ቅርፊት መፋቋን ሳታቆም «ደክሟት ይሆናል፣ ተዋት» አለችው።

«አገጭ ለማንሳት ስንት ጉልበት ይጠይቃል? ሳጅን እንኳ ያነሳል!» ሳጅን ውሻው ነው።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ክላሪንም አመንኩት። ለምን አላምነው? እኔም ሁለት ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ አገጬን አንስቼላት ዝም ብላኝ አልፋለች። ነገሩን ያከበደው ደግሞ እናቴ መሆኗ ነው። ወረቀት ላይ አክስቴ ትባል እንጂ በእኛ ዘንድ የእናት እህት እናት ናት። የወለደችኝ እናቴ በግ ለሚሸልቱ ሠራተኞች ምግብ ልታበስል ወራት ሙሉ ሩቅ እርሻ ላይ ስለምትከርም፣ ፀጉሬን የምታበጥረው፣ ጥፍሬን የምትቆርጠው፣ ጆሮዬ ሲመግል በጨርቅ የምትጠርግልኝ ኦሪኤል ነበረች። እንዲህ ያለች እናት በሰው ፊት ስትንቅ አንጀት ያቃጥላል።

እውነትም ደመወዝተኛ ሆናለች። በዊላራ ትምህርት ቤት ለአቦርጂናል ልጆች፣ ለእኛ ለአገሩ ነባር ሰዎች ልጆች፣ ረዳት መምህርት ሆና ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከእኛ ሰዎች መካከል በዚያ በር ባልዲና መወልወያ ሳትይዝ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። እንግዲህ ብትታበይ ምን ይገርማል ብዬ ፈረድኩባት።

ፍርዴ የተሻረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቀይ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጥለነው ያደርነውን መንጠቆ ልናወጣ እሷና እኔ ወንዙ ዳር ወረድን። ክሩን ስትስበው ክንድ የሚያህል ሆዱ ቢጫ ዓሣ ይዛ ወጣች። እየሳቀች ከመንጠቆው ስታላቅቀው አመለጣትና ሣሩ ላይ ወደቀ። ተንበርክካ መፈለግ ጀመረች። ዓሣው ከእጇ አንድ ስንዝር ርቆ ይንፈራገጣል፤ እሷ ሣሩን ትዳብሳለች፣ የወደቀውን ቅጠል ታገላብጣለች፣ እንደገና ትዳብሳለች። እየቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ።

«እማ ኦሪኤል፣ ያውልሽ እኮ!»

«የቱ ጋ?»

በከንፈሬ ጠቆምኳት። ጣት መቀሰር የባለጌ ሥራ ነው፤ እኛ በከንፈር ነው የምንጠቁመው። እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ እንዳዞረች መጠበቋን ቀጠለች።

«በከንፈርሽ ነው የጠቆምሽው አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«እጄን ያዥና ውሰጂኝ።»

እጇን ይዤ የዓሣው ጀርባ ላይ አሳረፍኩት። ዓሣውን ባልዲ ውስጥ ከጨመረች በኋላ የዛፉ ሥር ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቃሎቹን አንድ በአንድ እየለየች ነገረችኝ። ዓይኗ እየጠበበ ነው። በቧንቧ ውስጥ እንደ ማየት ነው፤ መሃሉ ብዥ ብሎም ቢሆን አለ፣ ዳር ዳሩ የለም። ሲመሽማ ጭራሽ ምንም የለም። ቧንቧውም ከዓመት ዓመት ይቀጥናል።

«ክላሪ አገጩን ሲያነሳልሽስ?»

«ክላሪ አገጩን አንስቶልኛል?»

«ሦስት ጊዜ! ፖስታ ቤቱ ጋ!»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ምስኪን ወንድሜ» አለች፤ «ለዚህ ነው እሁድ ዕለት ሻዩን ገፍትሮ የሰጠኝ።»

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው እገረማለሁ። እኛ ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን አናፈጥም፤ ድፍረት ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሚስተር ሃሊዴይ ይህን የሆነ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ስለነበር፣ አክስቴ ፊቱ ቆማ ዓይኗ ሌላ ቦታ ሲያርፍ «ባህላቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ነጮቹ ባህል ነው ሲሉ፣ እኛ ትዕቢት ነው ስንል፣ የአንዲት ሴት ዓይን በመካከላችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠፋ ያየ ሰው አልነበረም።

«ለማን እንንገር?» አልኳት ያን ዕለት።

«ለጊዜው ለማንም።»

ለምን እንደሆነ ልታስረዳኝ አላስፈለጋትም። የሩቢን ታሪክ አውቃለሁ። ሩቢ የአያቴ የበኩር ልጅ፣ የእነ ኦሪኤል ታላቅ እህት ነበረች፤ ቀኝ እግሯን ታነክስ ነበር። አክስቴ ገና ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት የመንግሥት መኪና መጣ፤ «ለእሷ የሚሻላት ይሄ ነው» አሉና ሩቢን ጭነው ሄዱ። አያቴ እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ ሮጣ ተከተለች። ሩቢ አልተመለሰችም። አያቴ የማታውቀው መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ትል ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኔ የጨበጥኩት አንድ ነገር ነው፤ መኪናው የሚወስደው አካሉ ላይ ጉድለት ያለበትን ሰው ነው። ደህና እግር፣ ደህና ዓይን፣ ደህና ሁሉ ነገር ያላቸውንም ጥቁር በመሆናቸው ብቻ ጭኖ እንደሄደ ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ የገባኝ ግን ይህ ነበር፤ የአክስቴ ዓይን ከታወቀ መኪናው ይመጣል፤ እንዳይመጣ የምጠብቃት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለ ራሴ አንድም ቀን አልሰጋሁም። እኔ ምን ጎድሎኝ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ ሆንኩ። መንገድ ላይ እጇን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰው ከቀኝ አገጩን ሲያነሳ አውራ ጣቷን፣ ከግራ ሲያነሳ ትንሿን ጣቷን ጨመቅ አደርጋለሁ። እሷም ወደዚያው ዞር ብላ አገጯን ከፍ ታደርጋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአክስቴ ስም ከየበረንዳው ወረደ። «ኦሪኤል ወደ ልቧ ተመለሰች» አለ ክላሪ፣ እሱ መክሮ የመለሳት ይመስል። አንድ ቀን ተንኮል አማረኝና ለሳጅን ጨመቅኩላት። አክስቴ ለውሻው በሙሉ ክብር አገጯን አነሳች። ሳቄን መቆጣጠር ሲያቅተኝ ነገሩ ገባት።

«ውሻው ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ግድ የለም፣ ከባለቤቱ ይሻላል።»

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ። መምህራችን ሚስ ቶድ ከኋላ ወንበር አንስታ ከፊት፣ ከግድግዳው አጠገብ እንድታስቀምጠኝ አክስቴ ለመነቻት። «ሰሌዳውን ታነቢልኛለሽ» አለችኝ ለእኔ። ኩራቴ ሌላ ነበር። ሚስ ቶድ የጻፈችውን እያንዳንዷን መስመር ለአክስቴ በሹክሹክታ አነብላት ነበር። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ፊደሎቹን እነግራታለሁ፤ እሷ ቃሉን ትነግረኛለች። ክፍል ውስጥ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ የቻልኩ ይመስለኝ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር አክስቴ ትንሽ ዘገምተኛ መሆኗ ነው። ሚስ ቶድ ጀርባዋን ሰጥታን የሆነ ነገር ትናገራለች፤ ድምጿ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ነው። በእኔ ቤት የሰው ሁሉ ድምፅ፣ ፊቱ ካልታየ በቀር፣ ለሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሰማው፤ ሌላ ዓይነት መስማት መኖሩን ማን ነግሮኝ? ወዲያው አክስቴ ጎንበስ ትልና በቀኝ ጆሮዬ በኩል፣ ከንፈሯን እያሳየችኝ፣ «ገጽ አሥራ ሁለትን አውጡ አለች አይደል?» ትላለች። «መቁጠሪያችሁን ወደ ጎን አድርጉ አለች አይደል?» ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ምስኪን፣ አንድ ጊዜ የተባለ ነገር አይገባትም፣ እኔን ነው የምታመሳክረው እያልኩ በትልቅ ሰው ደንብ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያለችው» እላታለሁ።

ሚስ ቶድ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን አክስቴ ከሌለች ተስፋ ትቆርጥብኛለች። ከኋላዬ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ አልዞርም። «ይቺ ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ትወዳለች» ትላለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆንኩባት። ቤት ውስጥ ግን ማንም ምንም አላየብኝም። ሰፈሩ ሁሉ በአገጭ ሰላም የሚል፣ በከንፈር የሚጠቁም፣ በእጅ ምልክት ከወንዙ ማዶ የሚያወራ ሆኖ ሳለ ማን ያየዋል? ከሁሉም ልጆች ፈጥኜ ምልክት የምረዳው እኔ ነበርኩ። የአክስቴን ዓይን የደበቀው ደንባችን የእኔንም ጆሮ ደብቆት ኖሯል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ ነጭ መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከውስጡ ቦርሳ የያዘ፣ ከንፈሩን የሸፈነ ወፍራም ጢም ያለው ሰውዬ ወረደ። መጣ፣ አክስቴን ሊወስድ መጣ አልኩ በልቤ።

ሰውዬው ልጆችን አንድ በአንድ እየጠራ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ያነጋግራል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ባለቀለም እንጨቶች አሉ፤ እሱ ወረቀት ፊቱ ላይ ይዞ ያነባል። ጢሙ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ምን እንደሚለኝ አላወቅኩም፤ ግን ስለ ማን እንደሚጠይቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እንጨቶቹንም አልነካሁም፤ ማን ያውቃል፣ ወጥመድ ቢሆንስ? አንድም ነገር ሳላወጣ ጨረስኩ። ስወጣ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«አንዲት ቃል አልሰጠሁትም!» አልኳት። ፊቷ ለምን እንደዚያ እንደጠቆረ አልገባኝም።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት አያቴ ሁለት ቀሚሶቼን፣ ሹራቤንና ማበጠሪያዬን በዱቄት ከረጢት ውስጥ ስትከት አየኋት። ያጠረኝን ለዘመድ ልትሰጥ ነው አልኩ። ረፋድ ላይ ደግሞ ክላሪ አሮጌ ፒክአፑን ከትምህርት ቤቱ የኋላ አጥር ጋ አቁሟል፤ የዓሣ ዕቃው ከኋላ ተጭኗል፤ ሞተሩ አልጠፋም። በአጥሩ በኩል አገጬን አነሳሁለት፤ መለሰልኝ።

«ዓሣ ልንሄድ ነው?»

«ምናልባት» አለ። ክላሪ ሳይቀልድ ሲመልስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

በዕረፍት ሰዓት አክስቴ ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትገባ አየሁ። ጢማሙም ከኋላዋ ገባ። እኔ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን የወተት ሣጥን ጎትቼ በቢሮው መስኮት ሥር ገለበጥኩትና ላዩ ወጣሁ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ሚስተር ሃሊዴይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በፀሐዩ ዓይኑን ያጨናብሳል። ጢም የለውም። ከንፈሩን እንደ ሰሌዳ አነበብኩት።

ከተማ ያለው ልዩ ትምህርት ቤት፣ አለ። አዳሪ ናቸው፣ አለ። መኪናው ሐሙስ ይመጣል፣ አለ። ቀጥሎ ያለውን ሳየው ክው አልኩ፤ «ለእሷ የሚሻላት ይሄ ነው።»

ወረቀትና ብዕር ወደ አክስቴ ገፋ አደረገላት። ወረቀቱን አንስታ ያዘችው። ማንበብ እንደማትችል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሳታውቀው የራሷን መወሰድ ልትፈርም ነው! ከሣጥኑ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«አትፈርሚ! እማ ኦሪኤል፣ አትፈርሚ! አንቺን ሊወስዱሽ ነው! እሷ ምንም አልሆነችም፣ እኔ አለሁላት፣ ሰሌዳውን የማነብላት፣ ሰውንም የምጠቁማት እኔ ነኝ!»

ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ የታወቀኝ አፌ ከተዘጋ በኋላ ነው። ምስጢሩን በገዛ አፌ አወጣሁት።

«እኔን?» አለች አክስቴ። ከዚያ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ ሄጄ ያዝኩት።

«ኦሪኤል፣ ልጅቷ ምንድነው የምትለው?» አለ ሚስተር ሃሊዴይ።

አክስቴ ለእሱ መለሰች፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ አዙራ ነበር። ዳይሬክተሩ የት እንደተቀመጠ የጠፋት መስሎኝ አፈርኩላት። እንዲያ ስላደረገች አንዲት ቃል እንኳ እንዳላመለጠችኝ ያስተዋልኩት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው።

«እውነቷን ነው። ይህን ወረቀት ማንበብ አልችልም ሚስተር ሃሊዴይ። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። ዓመቱን ሙሉ የላኩልኝን ማስታወሻ ሁሉ ያነበበችልኝ ይቺ መማር አትችልም ያላችኋት ልጅ ናት። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የጻፉትን ጭምር።»

«ታዲያ እንዴት አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ‹ባህላቸው ነው› ብለው ለሚስ ቶድ ሲነግሯት ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ባህላችንም ነው፣ አልዋሹም። እኔ ላይ ግን ባህል ብቻ አልነበረም። አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ያን ወረቀት አፍዎ ላይ ይያዙና ስሟን ይጥሩ።»

ሚስተር ሃሊዴይ ወረቀቱን አፉ ላይ አደረገ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ወረቀቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስቱም እኔን ያዩኛል። እኔም አየኋቸው። «ይድገሙት» አለች አክስቴ። ወረቀቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ መጫወት ሲጀምሩ ምን እንደሚባል አላውቅምና ዝም ብዬ ቆምኩ።

«አሁን ያውርዱት።»

አወረደው። ከንፈሩ ‹ሊኔት› አለ።

«አቤት!» አልኩ።

ጢማሙ ሰውዬ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ገዛ ጢሙ ሰደደ፤ ዳበሰው፤ ያመጣውን ወረቀት ወደ ቦርሳው መለሰ። «እኔ... ይህን አላየሁም ነበር» አለ፤ ይህን ያወቅኩት አክስቴ ስለደገመችልኝ ነው።

«ብዙ ሰው አላየም» አለችው። «ከፊት መቀመጧ ይቀጥል። ፊት ለፊቷ ይነገራት። ጆሮዋ ይታይ። ይህ ከተደረገላት የትም መሄድ አያስፈልጋትም። እናቷ በሌለችበት የእኔን ፊርማ የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ ላይ እፈርማለሁ።»

ሐሙስ መኪናው አልመጣም። ክላሪ ማክሰኞ ዕለት ሞተሩን አጥፍቶ፣ እኔን ፒክአፑ ላይ ሰቅሎ ወደ ቤት ወሰደኝ፤ ዓሣ አልሄድንም። አያቴ ቀሚሶቼን ከከረጢቱ አውጥታ አጣጥፋ ቦታቸው መለሰች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። አክስቴ ስለተረፈች ነው አልኩ። ንግግሩ ባይሳካ ኖሮ እኔን ይዘው ወደ ላይኛው ወንዝ ሊሸሹ ተነጋግረው እንደነበር ክላሪ የነገረኝ ሃያ ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ በአያቴ ቀብር ማግስት ነው። «አንድ በርሜል ቤንዚን ጭኜ ነበር» አለኝ። «ለሩቢ ማንም መኪና አልነበረውም።»

የጆሮ ሐኪም መጣ፤ ጆሮዬ ታከመ፤ ከጆሮዬ ኋላ የሚንጠለጠል መስሚያ ተሰጠኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የገዛ እግሬ ጠጠሩ ላይ ሲራመድ ነው፤ ሰው የሚከተለኝ መስሎኝ ሮጥኩ።

አክስቴ ግን ሥራዋን አጣች። ዓይኗ ለማያይ ሴት ልጆች አደራ አይሰጥም ተባለ። ወደ ከተማ ሄደች፤ በጣት ማንበብ ልትማር ነው ቢሉኝም አላመንኩም። በእኔ አፍ ነው፣ እኔ ነኝ ያስወሰድኳት እያልኩ ስንት ቀን ትራሴን አርጥቤያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ነጭ በትር ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ክላሪ በትሩን ገልመጥ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ዓሣ ልትወጊበት ነው?» አላት። «አይ» አለችው፣ «አገጩን ሰቅሎ መንገድ የሚዘጋ ወንድም ካለ ለመምታት ነው።» ያ በትር ከዚያ በኋላ ያላንኳኳው በር የለም። ሦስት ዓመት ተሟግታ ወደዚያው ትምህርት ቤት በመምህርትነት ተመለሰች። በወንዙ ዳር ካሉት ከተሞች አንድ ሳይቀራት እየዞረች ጀርባችሁን ለልጅ ሰጥታችሁ አትናገሩ፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ አድርጉ፣ ሳትጠይቁ ባህል ነው አትበሉ እያለች መጨቅጨቅ ከጀመረች አርባ ዓመት ሊሆናት ነው።

እኔም አሁን በሚስ ቶድ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ለአዳዲስ መምህራን እንድትናገር ተጠርታ ይዣት ሄድኩ። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ድምጿ አልደከመም። ሲያበቃ በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ እሷ እንደ ድሮዋ በቀኝ ጆሮዬ በኩል። አርባ ዓመት የከበደኝን ነገር ያን ጊዜ አወጣሁት።

«እማ ኦሪኤል፣ ያን ቀን እኔ ባልጮህ ኖሮ ሥራሽ አይሄድም ነበር። ይቅር በይኝ።»

«የቱን ቀን?»

«መስኮቱ ሥር ሆኜ ያየሁ ቀን።»

በሳቅ ፈነዳች። በትሯ ከጉልበቷ ላይ ወደቀ። «አንቺ ልጅ! ያን የወተት ሣጥን ስትጎትቺ ኮቴሽና ጩኸቱ እስከ ባቡር ሐዲዱ ይሰማ ነበር እኮ! አንቺ አትሰሚው እንጂ እኛ እንሰማለን። መስኮቱን ማን የከፈተው ይመስልሻል?»

በትሯን አንስቼ ጉልበቷ ላይ መለስኩላት።

«እንደምትከተይኝ ስለማውቅ ገና ስገባ ‹ሚስተር ሃሊዴይ፣ ሞቀኝ› ብዬ አስከፈትኩት። ‹ፊትዎን ወደ ብርሃኑ ቢያደርጉልኝ› ብዬ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። የዓይኔን ነገር ልነግራቸው ነበር የገባሁት፤ አያትሽም ታውቅ ነበር። አንቺን ለማስቀረት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።» ሳቋ ቀዘቀዘ፤ እጇ እጄን ፈልጎ አገኘው። «እነ ሩቢ የት እንደሚሄዱ ያወቁት መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ስላንቺ ሲወራ አንቺ ማየት ነበረብሽ።»

«ታዲያ እኔ እኮ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት! አንቺን የሚወስዱ መስሎኝ...»

«ግድ የለም» አለች። «በሩን ግን በርግደሽ ገባሽ አይደል?»

አመሰግናለሁ ልላት ፈለግኩ። ለእንደዚህ ያለ ውለታ ቃል ከየት ይመጣል? እንባዬን ጠረግኩ። አንዲት ወጣት መምህርት፣ የወንዙ ልጅ፣ ከደረጃው ስትወርድ በቀኝ በኩል አገጯን አነሳችልን። የአክስቴን አውራ ጣት ጨመቅ አደረግኩ። ዞር አለችና አገጯን ከፍ አደረገች።